ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ በየትኛው ቋንቋ ይጀመር? ባሕር ዳር ላላችሁ ዴቨሎፐሮች የንጽጽር መመሪያ

ፖሊ ግቢ የሚማሩም፣ ቀን ቢሮ ውለው ማታ የደንበኛ ሥራ የሚሠሩም ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ መማር እፈልጋለሁ፤ በምን ልጀምር?» ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ያዩትን ምክር ይዘው ሃስኬል የሚባለውን ቋንቋ ይከፍታሉ። ጥቂት ሳምንት ይታገላሉ። ከዚያ «ይሄ ነገር ለሒሳብ ሰዎች ነው» ብለው ይዘጉታል።

እኔ ይሄ ትምህርት ማንኛውም ሥራ ላይ ያለ ዴቨሎፐር የሚችለው ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ አራት አምስት አዲስ ነገር በአንድ ቀን መምጣቱ ነው። የአስተሳሰብ ልማድ ይቀየራል። አጻጻፉ አዲስ ነው። መሣሪያው አዲስ ነው። ስሞቹም ያስፈራሉ። አንዱ ሲያስቸግር የትኛው እንዳስቸገረ እንኳ አይለይም። ስለዚህ እዚህ ቋንቋዎቹን የማወዳድርበት ዋናው መለኪያ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት አዲስ ነገር ይጭኑባችኋል?

ምኑ ነው የሚከብደው?

አብዛኞቻችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ በሲ ፕላስ ፕላስ ጀመርን። ቫሪያብል ፈጠርን፤ በሉፕ ውስጥ ዋጋውን እየቀያየርን ውጤት ላይ ደረስን። ዓመታት ሲቆይ ሐሳባችን ራሱ በዚያ መልክ መምጣት ይጀምራል። ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚነካው ይህንኑ ልማድ ነው። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ፋንክሽን ያው ግብዓት ሲሰጠው ሁልጊዜ ያው ውጤት ይስጥ። አንዴ የተፈጠረ ዳታ አይነካ፤ ለውጥ ካስፈለገ አዲስ ይፈጠር። ፋንክሽን ራሱ እንደ ቁጥርና እንደ ጽሑፍ ለሌላ ፋንክሽን ይሰጥ፣ ከሌላ ፋንክሽንም ይመለስ።

የመጀመሪያውን ለማስረዳት ከራሳችን የቀን አቆጣጠር የተሻለ ምሳሌ የለም። የፈረንጅ ቀን ተቀብሎ የኢትዮጵያን ቀን የሚመልስ ፋንክሽን አስቡ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ስትሰጡት መስከረም 1 ቀን 2016 ይላል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ስትሰጡት መስከረም 1 ቀን 2017 ይላል። ዛሬም፣ ከርሞም፣ በማንም ላፕቶፕ ላይ መልሱ አይለወጥም። ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት በትክክል መያዙን ለማረጋገጥ ቀኑን ሰጥቶ መልሱን ማየት ይበቃል።

አሁን ያው ፋንክሽን ቀኑን ከውጭ መቀበሉን ትቶ ራሱ የስልኩን ሰዓት ቢያነብስ? ጳጉሜን 6ን ለመፈተን የስልኩን ቀን ልትቀያይሩ ነው፤ ያለዚያ ዓመቱ እስኪደርስ ልትጠብቁ ነው። ሰዓት ማንበብ፣ ዳታቤዝ ላይ መጻፍ፣ ኔትወርክ መጥራት ሳይድ ኢፌክት የሚባሉት ናቸው። ያለ እነሱ የሚጠቅም ፕሮግራም የለም። ፋንክሽናል አሠራር ወደ ፕሮግራሙ ዳር ይሰበስባቸዋል፤ ስሌቱና ደንቡ ያለበት መሐሉ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። በየትኛውም ቋንቋ ነገ ጠዋት ሥራ ላይ ይውላል።

ሁለተኛውን ለመረዳት የሒሳብ መዝገብን አስቡ። ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ የተሳሳተ መስመር ፍቆ አይጽፍም፤ ማስተካከያውን በአዲስ መስመር ያሰፍራል። የማይለወጥ ዳታም እንደዚያ ነው። የቀድሞው ሁኔታ ስላልጠፋ «ይሄ ቁጥር መቼ ተበላሸ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል።

ሞናድ፣ ፋንክተር፣ ከሪንግ የሚባሉትስ? ለጊዜው እርሷቸው። አብዛኛውን ዕለታዊ ጥቅም ያለ እነሱ ታገኛላችሁ።

አማራጭ አንድ፦ አሁን በምትሠሩበት ቋንቋ

እንጀራችሁ ጃቫስክሪፕት፣ ፓይተን፣ ጃቫ ወይም ዳርት ከሆነ እዚያው ጀምሩ። ለብዙው አንባቢ የምመክረው ይሄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ቋንቋዎቹ ዕቃውን አስቀድመው አስገብተዋል። ጃቫስክሪፕት ሌላ ፋንክሽን ተቀብለው ዝርዝር ላይ የሚሠሩትን እነ ማፕን፣ ፊልተርንና ሪዱስን በስታንዳርዱ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ጃቫ ላምዳ (ስም የሌለው ፋንክሽን) እና ስትሪም ያገኘው በ2014 በወጣው ጃቫ 8 ነው። ዳርት 3 በ2023 ሲልድ ክላስ (አማራጮቹ ተቆጥረው የተዘጉ ታይፕ) እና ፓተርን ማቺንግ (ዳታውን በቅርጹ መለየት) አምጥቷል፤ ይህ በፍላተር ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሪአክት የምትጽፉ ደግሞ ሳታውቁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። በስቴት (ገጹ በሚይዘው የወቅቱ ዳታ) ውስጥ ያለ ዝርዝር ላይ በቀጥታ አዲስ ነገር ጨምራችሁ ስክሪኑ አልታደስ ብሎ ያውቃል? ሪአክት አሮጌውና አዲሱ ስቴት ያው ዕቃ መሆኑን አይቶ «የተለወጠ ነገር የለም» ብሎ ነው። አዲስ ዝርዝር ስትሰጡት ይታደሳል። የማይለወጥ ዳታ የሚባለው ነገር ተግባሩ ይሄ ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ግልጽ ነው። አጻጻፉ አዲስ አይደለም። መሣሪያው አዲስ አይደለም። የሞባይል ዳታ ከፍላችሁ የምታወርዱት ነገር የለም። ልማዱ ብቻ ይለወጣል። ሥራችሁንም አታቋርጡም።

ጉዳቱ ግን አለ፤ አጥብቄ ልናገረው። ቋንቋው አያስገድዳችሁም። የማስረከቢያው ቀን ሲቀርብ፣ ደንበኛው ሲደውል፣ እጃችሁ ወደ ድሮው ሉፕ ይሄዳል፤ ማንም አያቆማችሁም። ወጥመዶችም አሉት። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኮንስት ብላችሁ ያሰራችሁት ዕቃ ውስጡ ይለወጣል፤ ዳርት ውስጥ ፋይናል ያላችሁት ዝርዝርም እንዲሁ። የጃቫስክሪፕት ሶርት የሰጣችሁትን ዝርዝር ራሱን ያበላሸዋል፤ ቅጂ የሚመልሰው ቱሶርትድ ወደ ስታንዳርዱ የገባው በ2023 ነው። ስፕሬድ (የሦስት ነጥቡ አጻጻፍ) የሚቀዳው የላይኛውን ደረጃ ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው ዕቃ የጋራ ሆኖ ይቀራል። ፓይተን ውስጥ ጄኔሬተር (ዋጋዎችን አንድ በአንድ የሚያወጣው) አንዴ ከተነበበ አለቀ፤ የጃቫ ስትሪምም ያው ነው።

ሌላም አለ። ከሃስኬል መጽሐፍ ያነበባችሁትን ሪከርሽን (ፋንክሽን ራሱን መልሶ መጥራቱን) ወደ ፓይተን አታምጡ። ፓይተን በነባሪው 1000 ጥሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። አብዛኞቹ የጃቫስክሪፕት ማስኬጃዎችም የጭራ ሪከርሽንን (ራስን መጥራቱ የፋንክሽኑ የመጨረሻ ሥራ የሆነበትን) አያቃልሉም። በሪዱስ ውስጥ በየዙሩ ሙሉውን ዝርዝር መቅዳትም ዝርዝሩ ሲረዝም ፕሮግራሙን ያንቀራፍፈዋል። እነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ በአንድ ፋንክሽን ሆድ ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው የሚያልቅ ሉፕ ምንም ነውር የለበትም። ከውጭ ሲታይ ፋንክሽኑ ንጹሕ ከሆነ በቂ ነው።

ልምምዱን እንዲህ አድርጉት። ከያዛችሁት ፕሮጀክት አንድ ስሌት ያለበት ፋይል ምረጡ። ሰዓት የሚያነበውን፣ ዳታቤዝ የሚነካውን መስመር ሁሉ ወደ ውጭ አውጡ። ውስጡ ያለው በፓራሜትር የሚቀበል፣ በሪተርን የሚመልስ ብቻ ይሁን። ከዚያ ቴስት ጻፉለት። ቴስቱ ምን ያህል እንደቀለለ ስታዩ ልማዱ ራሱ ይስባችኋል።

አማራጭ ሁለት፦ ኤልም

ኤልም በ2012 የወጣ፣ ለዌብ ገጽ ብቻ የተሠራ ትንሽ ቋንቋ ነው። ነል (ባዶ ዋጋ) የለውም፤ ዳታ መለወጫ መንገድ የለውም፤ ሉፕ የለውም። ማምለጫ ስለሌለ ልማዱ በግድ ይቀየራል። የኮምፓይለሩ የስሕተት መልእክት ግን እንደ ጥሩ መምህር ነው የሚናገረው፤ የት እንደተሳሳታችሁና ምናልባት ምን ልትሉ እንደፈለጋችሁ ይነግራችኋል። አጠገባችሁ የሚጠየቅ ሰው ከሌለ ይህ ዋጋው ብዙ ነው። መጫኑም ቀላል ነው፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።

የኤልም ትልቁ ስጦታ በታይፕ (በዳታው ዓይነት) ማሰብን ማስተማሩ ነው። የጣና ጀልባ ጉዞ ቦታ ማስያዣ ትሠራላችሁ እንበል። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባሉ። በተለመደው አሠራር ይህን ደንብ እዚህም እዚያም በኢፍ ትበትኑታላችሁ። በኤልም መንገደኛውንና መዳረሻውን ተቀብሎ «ተፈቅዷል» ወይም «አልተፈቀደም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው» የሚል ውጤት የሚመልስ አንድ ፋንክሽን ትጽፋላችሁ። ሁለቱንም መልስ ካላስተናገዳችሁ ፕሮግራሙ ኮምፓይል አይሆንም። ነገ ናርጋ ሥላሴን ወደ መዳረሻዎቹ ብትጨምሩ ኮምፓይለሩ ያልተሟሉትን ቦታዎች አንድ በአንድ ያሳያችኋል። ይህ አስተሳሰብ ወደ ታይፕስክሪፕት፣ ወደ ዳርት፣ ወደ ኮትሊንና ወደ ረስት አብሯችሁ ይሄዳል።

በኤልም ሥራ ማግኘት ግን አትጠብቁ። የመጨረሻው ትልቅ ስሪት 0.19 ነው፤ 0.19.1 የወጣው በ2019 ነው። ለትምህርት ያዙት፤ የደንበኛ ፕሮጀክት አትሥሩበት።

አማራጭ ሦስት፦ ኤሊክሰር

ሰርቨር የምትጽፉ ከሆነ ልቤ ወደዚህ ያደላል። ኤሊክሰር የሚሠራው ኤርላንግ በሚባለው ቋንቋ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው። ኤርላንግ በ1980ዎቹ በስዊድኑ ኤሪክሰን የተወለደው የስልክ ማዞሪያዎች ሳይቋረጡ እንዲሠሩ ነው። ዋትሳፕ ሰርቨሩን የገነባው በኤርላንግ ነው። ኤሊክሰር ይህን ሁሉ ወርሶ አጻጻፉን አቀለለው፤ 1.0 የወጣው በ2014 ነው።

ለጀማሪ የሚመቸው ለምንድን ነው? ዳታው አይለወጥም፤ ይህ ግዴታ ነው። ታይፕ መጻፍ ግን ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ከጃቫስክሪፕት ወይም ከፓይተን የመጣ ሰው ልማዱን ብቻ ይታገላል፤ የታይፕ ትግሉ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ሪከርሽኑም እዚህ ያለ ስጋት ይሠራል፤ ማሽኑ የተሠራው ለዚያ ነው። ፓይፕ የሚባለው አጻጻፍ ደግሞ ዳታው ከላይ ወደ ታች ሲፈስ ያሳያል፤ ለማንበብ ደስ ይላል።

ወደ ጀልባው ልመለስ። አንድ መቀመጫ ቀርቶ ሁለት ትኬት ሻጮች እኩል ቢጠይቁ ምን ይሆናል? ዳታው የማይለወጥ መሆኑ ብቻውን ይህን አይፈታም። ሁለቱም «አንድ ቀርቷል» የሚለውን ሊያነቡ ይችላሉ። በኤሊክሰር ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ ፕሮሰስ (የራሱን ዳታ ይዞ ለብቻው የሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) ትመድባላችሁ። የመቀመጫውን ቁጥር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጥያቄዎች በመልእክት ይደርሱታል፤ በየተራ ይመልሳል። ለመጀመሪያው ይሰጣል፤ ሁለተኛውን «ሞልቷል» ይለዋል። ፕሮሰሱ ቢወድቅ ሱፐርቫይዘር የሚባለው ተቆጣጣሪ ፕሮሰስ መልሶ ያስነሳዋል። መዝገቡን ግን ዳታቤዝ ላይ ማስቀመጥና እዚያም መቆለፍ አትርሱ፤ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ሲጠፋ በሚሞሪ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አንድ ነገር ለባሕር ዳር ሰው በተለይ ልበል። የኤሊክሰር ዝነኛው የዌብ መሣሪያ ፊኒክስ ላይቭቪው የገጹን ስቴት ሰርቨር ላይ ይይዛል፤ ከስልኩ ጋር የማይቋረጥ ግንኙነት ይፈልጋል። ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው እጅግ ያማረ ነው። ጀልባ ላይ ሆኖ መንገደኛ የሚመዘግብ ሰው ግን ሐይቁ መሐል ኔትወርክ ሲጠፋበት በተኑ አይሠራለትም። እንዲህ ላለ ሥራ በስልኩ ላይ የሚመዘግብና ኔትወርክ ሲገኝ የሚልክ የፍላተር አፕ ይሻላል፤ ፋንክሽናል ልማዱን እዚያው ዳርት ውስጥ ትጠቀሙበታላችሁ። ቋንቋ ስትመርጡ የተጠቃሚያችሁን ቦታ አስቡ።

መሐል ላይ ያሉት፦ ኮትሊን፣ ስካላ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ክሎዠር

አንድሮይድ የምትሠሩ ከሆነ ኮትሊን አማራጭ አንድ ውስጥ ይግባላችሁ። ቫል፣ ዳታ ክላስና ሲልድ ክላስ አሉት፤ ብዙ ርቀት ይወስዳችኋል። በዶትኔት የምትተዳደሩ ደግሞ ኤፍ ሻርፕን እዩት፤ ያንኑ ዶትኔት ይዞ ጠንካራ የታይፕ ትምህርት ይሰጣል፤ ከሚገባው በታች የተወራለት ቋንቋ ነው።

ስካላን ለመጀመሪያ ትምህርት አልመክርም። የዕቃ ተኮሩንም የፋንክሽናሉንም ዓለም አንድ ላይ ስለያዘ ቋንቋው ትልቅ ነው። አንድ ነገር የሚጻፍበት መንገድ ይበዛል፤ ጀማሪ የትኛውን እየተማረ እንደሆነ ይጠፋዋል። ኮምፓይለሩም ሚሞሪ ይበላል። ስፓርክ በሚባለው የትልቅ ዳታ ማቀነባበሪያ ላይ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ያኔ ተማሩት። ክሎዠር ቆንጆ ነው፤ ቅንፎቹን መልመድ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የስሕተት መልእክቶቹም ለጀማሪ አይራሩም።

አማራጭ አራት፦ ሃስኬል

ሃስኬልን አክብሬ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በ1990 ነው፤ ዛሬ በሌሎች ቋንቋዎች የምንደሰትበት ብዙ ነገር መጀመሪያ የተብላላው እዚያ ነው። ሳይድ ኢፌክትን በታይፕ ይለያል። አንድ ፋንክሽን ፋይል ወይም ሰዓት የሚነካ ከሆነ ከፊርማው (የሚቀበለውንና የሚመልሰውን ታይፕ ከሚናገረው መስመር) ላይ ይታያል። ከላይ በቀን አቆጣጠሩ ያየነውን ልዩነት ኮምፓይለሩ ራሱ ይጠብቅላችኋል ማለት ነው።

የሚጭነው ግን ከባድ ነው። አጻጻፉ ከለመዳችሁት ጋር አይገናኝም። ስሌቱ እስኪፈለግ ድረስ አይሠራም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በምን ቅደም ተከተል እንደሄደ፣ ሚሞሪው ለምን እንደሞላ ለመረዳት ጊዜ ይወስዳል። ስክሪን ላይ አንድ መስመር ከማተም ጀምሮ ከላይ እርሱት ካልኳችሁ ሞናድ ጋር ትገናኛላችሁ። የታይፕ ስሕተቱ ረጅም ነው፤ ስሕተቱን ከሠራችሁበት መስመር ርቆ ሊታይ ይችላል። መሣሪያው ሲወርድ ከጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ተማሪ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ለማን ነው? አንድ ሙሉ ሴሚስተር ጊዜ ያለው፣ አብሮት የሚያጠና ጓደኛ ያገኘ፣ የኮምፓይለርና የታይፕ ነገር የሚማርከው ተማሪ ይግባበት። ሁለት ሆኖ ማጥናት እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም። አንዱ የታሰረበትን ሌላው ይፈታዋል። ቀን ተቀጥሮ ማታ ደክሞት ላፕቶፕ ለሚከፍት ሰው ግን በዚህ አትጀምር እለዋለሁ። ከኤልም ወይም ከኤሊክሰር በኋላ ቢመጣበት ግማሹ ትግል አስቀድሞ አልቆ ያገኘዋል።

ከመወሰናችሁ በፊት

በሁለት ቋንቋ ከተምታታባችሁ በሁለቱም ያንኑ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። የመንገደኞች ዝርዝር ይኑር፤ ለእያንዳንዱ ስም፣ ጾታ፣ መዳረሻ። ወደ መዳረሻው መሄድ የሚችሉትንና የማይችሉትን ከነምክንያቱ ለዩ። በየመዳረሻው ሰብስቧቸው። ቡድኑ ሲበዛ ቅናሽ የሚያደርግ የዋጋ ስሌት ጨምሩ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አትሙ፤ የዛሬው ቀን ግን ከውጭ ይግባ።

ስትጨርሱ ፍጥነቱን አትዩ። የት እንደቆማችሁ ጻፉ። «ያለ ሉፕ እንዴት ልሰብስበው?» ብላችሁ ከቆማችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ፤ ልማዳችሁ እየተቀየረ ነው፤ በዚያው ቀጥሉ። ጊዜያችሁን የበላው ጭነቱ፣ ኤዲተሩ፣ ቅንፉና ያልገባችሁ የስሕተት መልእክት ከሆነ ግን ወደሚቀለው ቋንቋ ተሻገሩ።

ሌላም የተግባር ነገር፦ ኢንተርኔት ሲኖር ዶክመንቴሽኑን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ዚል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የብዙ ቋንቋዎችን ዶክመንቴሽን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ዴቭዶክስም በብራውዘር እንዲሁ ያስቀምጣል። የምትፈልጓቸውን ላይብረሪዎችም አስቀድማችሁ በአንድ የሙከራ ፕሮጀክት ውስጥ አስገቧቸው፤ ከዚያ ኔትወርኩን ዘግታችሁ ፕሮጀክቱ ከባዶ ኮምፓይል መሆኑን ፈትሹ።